«ደግሞ መጣህ?»

አጎቴ መጀመሪያ ሆስፒታል የገቡ ዕለት «አባባ፣ ምንዎን ነው የሚያምዎት?» ተብለው ነበር። በአሥረኛው ወር፣ ለሦስተኛ ጊዜ ይዘናቸው ስንገባ፣ እዚያው ድንገተኛ ክፍል፣ ያው መጋረጃ ሥር «ደግሞ መጣህ?» ተባሉ። በሁለቱ ጥያቄዎች መካከል ዕድሜያቸው አልቀነሰም፤ ሽበታቸውም አልጠፋም። የጠፋው አንቱታቸው ነው።

የጠየቀቻቸው ነርስ ክፉ ልጅ አልነበረችም። ሌሊቱን ቆማ ያደረች፣ ዓይኗ የቀላ፣ ከዚያ በኋላም ትራሳቸውን አስተካክላ የሄደች ናት። ቃሉ ከእሷ አፍ ይውጣ እንጂ ባለቤቱ ብዙ ነው፤ ሐኪሙም፣ ዘበኛውም፣ እድርተኛውም፣ እውነቱን ለመናገር እኛ ቤተሰቦቻቸውም ስንለው ከርመናል። በመጠጥ ወይም በሌላ ሱስ ታሞ ተኝቶ የወጣ ሰው ተመልሶ ከመጣ ጥፋቱ የራሱ ነው፤ ታክሟል፣ ተመክሯል፣ አልሰማም። ይህን ፍርድ በየቤቱ፣ በየለቅሶ ቤቱ ታገኙታላችሁ። ዛሬ የምከራከረው ከዚህ ፍርድ ጋር ነው። ጨካኝ ስለሆነ ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ፤ ጨካኝ እውነትም አለና። ይህ ግን ስህተት ነው። ሲብስም፣ «ለምን ይመላለሳል?» እያለ የሚያማርርበትን መመላለስ ራሱ እየደገሰ ይጠራዋል።

እስቲ «ታክሟል» ከሚለው ቃል እንጀምር። አጎቴ የታከሙት ምናቸውን ነው? ለዓመታት በየቀኑ አረቄ የለመደ አንጎል፣ አልኮሉ የሚያመጣበትን መደንዘዝ ለመቋቋም ራሱን ሁልጊዜ ነቅቶ እንዲቆም ያስለምዳል። አልኮሉ በድንገት ሲቀር ያ ንቃት ያለ ልጓም ይለቀቃል። ከመጨረሻው መለኪያ በኋላ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ እጅ ይንቀጠቀጣል፤ ላብ ያጠምቃል፤ ልብ ይደልቃል። በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት የሚጥል በሽታ የሚመስል መንዘፍዘፍ ሊመጣ ይችላል። በሦስተኛው ቀን አካባቢ አንዳንዱ ይቃዣል፤ ግድግዳው ላይ የሌለ ነገር እያየ ይጮኻል። ይህ የመጨረሻው ደረጃ እ.ኤ.አ. በ1813 የሕክምና ስም ከወጣለት ሁለት መቶ ዓመት አልፎታል፤ ካልታከመም ይገድላል። ሆስፒታሉ ዳያዜፓም ሰጥቶ፣ ግሉኮስ ሰቅሎ፣ በቫይታሚን ደግፎ አጎቴን ከዚህ አውጥቷቸዋል። እናመሰግናለን። ግን የታከመው ማቆማቸው ያመጣው ሕመም ነው። መጠጣታቸውን ያመጣው ሕመም አልተነካም። ነበልባሉ ጠፋ፤ ረመጡ ከነአመዱ ቤታቸው ድረስ ተከተላቸው።

በአምስተኛው ቀን የመውጫ ወረቀት ተሰጠን። ያልገባኝን የሐኪም ጽሑፍ ዘልዬ መጨረሻዋን መስመር አነበብኩ፤ «መጠጥ እንዲያቆም ተመክሯል» ትላለች። አጠገባቸው ተኝተው የነበሩ የስኳር ሕመምተኛ በዚያው ቀን ወጡ። ለእሳቸው የቀጠሮ ካርድ ተጻፈላቸው። ኢንሱሊኑን የት የት እንደሚወጉ ልጃቸው በራሷ እጅ እየሞከረች ተማረች። ምን እንደሚበሉ፣ ምን እንደሚተዉ፣ ሲያዞራቸው ምን እንደሚያደርጉ ተነገራቸው። ለጎረቤት ቀጠሮ፣ ለአጎቴ ምክር! ሁለቱም ግን ዕድሜ ልካቸውን የሚከተላቸው ሕመም ይዘው ነው የወጡት።

የስኳሩ አባት ፋሲካን በልተው፣ ስኳራቸው ሰማይ ነክቶ ቢመለሱ «ደግሞ መጣህ?» የሚላቸው አለ? መጠኑ ይስተካከላል፤ ምግቡ እንደገና ይነገራቸዋል፤ ቀጠሮው ይቀርባል። እ.ኤ.አ. በ2000 ቶማስ ማክሌላን ከሦስት ባልደረቦቹ ጋር በአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር መጽሔት ላይ ያወጡት ጽሑፍ ይህንኑ በቁጥር አስቀምጦታል። ለመጠጥና ለሌሎች ዕፆች ሱስ ታክመው ከወጡት ውስጥ ከ40 እስከ 60 በመቶው በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ይመለሱበታል። ከደም ግፊትና ከአስም ሕመምተኞች ደግሞ በየዓመቱ ከ50 እስከ 70 በመቶው ሕመሙ ተነሥቶባቸው እንደገና ሕክምና ይሻሉ። እንግዲህ አስም ያለበት ሰው ሲመለስ መድኃኒቱ እንደሚሠራ ማስረጃ ነው እንላለን፤ መድኃኒቱን ሲተው ተነሣበት፣ ሲጀምር ተሻለው። ሱስ ያለበት ሲመለስ ግን ሕክምናው እንደማይረባ፣ ሰውየውም እንደማይረባ ማስረጃ ይሆናል። አንዱን ነገር በሁለት ሚዛን መዝነነዋል።

አማርኛችን ራሱ ይህን ያሳብቅብናል። ወባ ያገረሻል፤ የጨጓራ ሕመም ያገረሻል፤ የቆየ ቁስል ያገረሻል። ለጠጪው ሲሆን ቃሉን እንቀይርና «አመሉ ተነሣበት» እንላለን። አመል ለበቅሎ የሚነገር ነው፤ ለበሽተኛ አይደለም።

አሁን ከሆስፒታሉ በር እንውጣ፤ ነገሩ የሚበላሸው ከዚያ በኋላ ነውና። አጎቴ ከታክሲ ወርደው ቤታቸው እስኪደርሱ በሁለት ግሮሰሪና በአንድ አረቄ ቤት ደጃፍ ያልፋሉ፤ ሌላ መንገድ የለም። ከሰዓት በኋላ ጠያቂ መጣ። «እንኳን እግዜር ማረዎ!» ተባለ፤ ብርቱካን ተደረደረ። አመሻሽ ላይ የልጅነት ወዳጃቸው ከጋቢው ሥር ጠርሙስ አውጥቶ «ለሆድዎ ነው፤ ትንሽ ብቻ» አለ። ተንኮል አልነበረበትም። የሁለቱ ወዳጅነት ከዚያች ጠርሙስ በቀር ሌላ ገበታ ቀርቦለት አያውቅም፤ ሰውየው የሚያውቀውን የፍቅር ቋንቋ ነው የተናገረው። በሦስተኛው ሳምንት ጠዋት ሻይ ሳቀርብላቸው ብርጭቆውን ከጠረጴዛው አላነሡም። እጃቸውን ጋቢ ውስጥ ደብቀው፣ ጎንበስ ብለው በከንፈራቸው ፈለጉት። ሲንቀጠቀጡ እንዳላይ ነበር። እኔም አላየሁም ብዬ ወጣሁ። ያን ጊዜ ዝም ማለቴ አክብሮት መስሎኝ ነበር።

የሚመለሱበት ቦታ ምን ያህል ኃይል እንዳለው የቬትናም ጦርነት አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሊ ሮቢንስ የተባለች ተመራማሪ ከቬትናም የተመለሱ የአሜሪካ ወታደሮችን ተከታተለች። ከአምስቱ አንዱ ያህል እዚያ ሳለ የሄሮይን ሱሰኛ ሆኖ ነበር። መንግሥት አገር ምድሩ በሱሰኛ ሊሞላ ነው ብሎ ተሸብሮ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ሱሱ የተመለሰባቸው ግን ከእነዚህ መካከል 5 በመቶ ገደማ ብቻ ሆነው ተገኙ። የወታደሮቹ ፈቃድ ከሌላው ሰው ፈቃድ የጠነከረ አልነበረም፤ የተመለሱት ሄሮይኑ ወዳለበት ጫካ ሳይሆን ከጫካው ርቆ ወዳለ ቤታቸው ነበር። እኛ የምናደርገው ግልባጩን ነው። በሽተኛውን ለአምስት ቀን ከሰፈሩ ነጥለን እናጥበዋለን፤ ከዚያ ወደዚያው ሰፈር፣ ወደዚያው ወዳጅ፣ ወደዚያው ሥራ አጥነት እንመልሰውና «እስቲ ወንድ ከሆንክ!» እንለዋለን።

ደግሞም የሚመላለሰው በመጠጥ ስም ካርድ ያወጣው ብቻ እንዳይመስለን። እግሩ ተሰብሮ፣ ሳንባው ታሞ፣ ጨጓራው ደምቶ የተኛ ሰው አለ። ስለ መጠጡ ማንም አልጠየቀውም፤ እሱም አልተናገረም። በሁለተኛው ቀን ሐራራው ይነሣል፤ ላቡ ይወርዳል፤ እንቅልፍ ያጣል። በሦስተኛው ቀን ይጮኻል። አስታማሚው ጋኔን ነው ይላል፤ ተረኛው ረባሽ ነው ይላል። ሰውየው ሕመሙን ማስታገሻው የት እንዳለ ያውቃልና ግሉኮሱን ነቅሎ ይሄዳል። መዝገቡ ላይ «በራሱ ፈቃድ ፈርሞ ወጣ» ተብሎ ይጻፋል። እግሩ ግን አልዳነም፤ ሳንባውም አልዳነም፤ በሳምንቱ ብሶበት ይመለሳል። እንዲህ ያለውን ነገር ፈቃድ ብሎ መጻፍ ቀልድ ነው። ሲገባ «በቀን ስንት ይጠጣሉ?» የምትል አንዲት ጥያቄ ብትቀድም ኖሮ መድኃኒቱ በጊዜው ይጀመር ነበር። በረሃብና በመጠጥ ለተጎዳ ሰው ቫይታሚን ቢ-ዋን ሳይሰጡ ግሉኮስ ብቻ መስቀል አንጎልን ሊጎዳ እንደሚችልም የሚታወሰው ያቺ ጥያቄ ስትጠየቅ ነው።

ጫቱንም አንርሳ። ቀን በርጫ፣ ማታ ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ፣ ሌሊት ዱካክ፣ ጠዋት እንደገና ሐራራ። አንዱ ሱስ ለሌላው መድኃኒት ሆኖ የሚታዘዝበት ክብ ነው። ቅዠቱ ስለበዛበት የአእምሮ ሕክምና ገብቶ፣ ክኒን ይዞ ወደዚያው ክብ የተመለሰ ወጣት ሲያገረሽበት «መድኃኒቱን አቋርጦ ነው» ይባላል። አቋርጧል፤ እውነት ነው። ጫቱን በተመለከተ አብሮት የተቀመጠ ሰው ግን አልነበረም።

አሁን ተከራካሪዬን ልስማው፤ ያለው ነገር ባዶ አይደለምና።

«ጠርሙሱን አፉ ላይ የሚያደርገው የራሱ እጅ ነው» ይላል። አዎ፣ የራሱ እጅ ነው። ያለ ሰውየው ቁርጥ ሐሳብ የሚድን የለም፤ ይህን የሚክድ ሐኪም አላውቅም። ግን ኢንሱሊን የሚወጋውም የስኳር ሕመምተኛው እጅ ነው፤ ጨው የሚጨምረውም የደም ግፊተኛው እጅ ነው። ፈቃድ እንደ ጉልበት ነው፤ ያለ ስንቅ ሩቅ አይሄድም። ስንቁን ሳይሰጡ መንገደኛውን «ሰነፍ» ማለት ደግሞ ስንቅ ከማቀበል ይረክሳል፤ ለዚህም ነው የምንወደው።

«የእኔ አባት በአንድ ቀን ነው የተዉት፤ ሐኪምም አላዩ» ይላል። እንኳን ተዉት። እንደሳቸው በራሳቸው የተዉ ብዙ ናቸው። ወባም ሳይታከም የተሻለው ሰው አለ፤ እሱን አይተን ኪኒኑን አልጣልንም። ደግሞ ለረጅም ጊዜ በብዛት የጠጣ ሰው በአንድ ቀን ቁርጥ ማድረጉ ሕይወቱን ሊያሳጣው እንደሚችል የሰፈሩ ጀግና ታሪክ አይናገርም።

«ጸበል እያለ?» የሚልም አለ። ጸበል ቦታ የዳኑ ሰዎችን አውቃለሁ፤ በእምነታቸው አልገባም። ግን ልብ ብላችሁ እዩ፤ ጸበል ቦታ የሚሰጠውን ሆስፒታሉ አይሰጥም። ሰውየው ከሰፈሩ ይርቃል፤ ሳምንታት ይቆያል፤ እንደሱ ከሚቸገሩ ጋር አብሮ ያድራል፤ ማለዳ የሚቀሰቅሰው አለ፤ የወደቀውም ተመልሶ ቢመጣ «ደግሞ መጣህ?» ብሎ የሚያባርር የለም። ጸበል ለሚወስዱት ሁሉ የምለው አንድ ነገር ነው፤ የሚንቀጠቀጠውንና የሚንዘፈዘፈውን መጀመሪያ ሐኪም ይየው፤ መድኃኒቱንም አታስጥሉት።

«አልጋ ጥቂት ነው፤ ለሚመለስ ሰው ለምን ይባክናል?» ይህ ከሁሉም የከበደው ክርክር ነው፤ አልጋው በእርግጥ ጥቂት ነውና። አማኑኤል ሆስፒታል ለአሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ኖሯል፤ ዛሬም ለሱስ ብቻ የተለየ አልጋ ያለባቸውን ቦታዎች በጣት እንቆጥራለን። ግን ሒሳቡን አብረን እንሥራ። አጎቴ በአሥር ወር ሦስት ጊዜ ተኙ። እያንዳንዱ አምስት ቀን ቢሆን አሥራ አምስት የአልጋ ቀን ነው፤ ግሉኮሱ፣ ላቦራቶሪው፣ የአስታማሚው የተቃጠለ የሥራ ቀን ሲጨመር የት ይደርሳል? በዚህ ፋንታ በወር አንዴ የግማሽ ሰዓት ቀጠሮ ቢሰጣቸው ስንት ይፈጅ ነበር? አልጋ የሚያባክነው ቀጠሮ አለመስጠት ነው። መጠጥን ደጋግሞ በድንገት ማቋረጥ ቀጣዩን መንዘፍዘፍ የሚያብሰው መሆኑ ሲታከልበት፣ ዛሬ የቆጠብነው ነገ በወለድ ይከፈላል።

ሕክምናው መጀመር ያለበትም በሽተኛው አልጋው ላይ ሳለ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ የዬል ዩኒቨርሲቲ ጥናት ይህን አይቷል። ድንገተኛ ክፍል የመጡ 329 የሄሮይንና መሰል መድኃኒቶች ሱሰኞች በሦስት ተከፈሉ። ወደ ሌላ ቦታ ሂዱ ተብለው ሪፈር ከተጻፈላቸው ውስጥ ከወር በኋላ ሕክምና ላይ የተገኙት 37 በመቶ ነበሩ። አጭር ምክር ከተጨመረላቸው 45 በመቶ። ቡፕረኖርፊን የተባለው መድኃኒት እዚያው ከተጀመረላቸው ግን 78 በመቶ። የወረቀትና የሕክምና ልዩነት ይህ ነው። ለመጠጥም መድኃኒት አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ናልትሬክሶንንና አካምፕሮሴትን መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷቸዋል። በአጎቴ ሦስት የመውጫ ወረቀቶች ላይ የአንዳቸውም ስም አልተጻፈም። «ሱስን በመድኃኒት መተካት» የሚለውን ነቀፋ ሰምቻለሁ፤ ዕድሜ ልኩን የግፊት ክኒን የሚውጠውን ሰው ግን በክኒን ሱስ የከሰሰው የለም።

ሳይሉን የማይቀሩት አንዱ ነገር «ይህ ለሀብታም አገር ነው» የሚለው ነው። እስቲ እናስታውስ። ኤች አይ ቪ በመጣ ጊዜ ያልነው ምን ነበር? «የእጁን አገኘ» ነው ያልነው። ሕመምተኛው ከቤት ወጣ፤ ዕቃው ተለየ። በኋላ ግን መድኃኒቱ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በነፃ መሰጠት ሲጀምር አብሮት ሌላ ነገር መጣ። ቀጠሮውን የሳተ ሰው ይደወልለታል። ራሱ ቫይረሱ በደሙ ያለ ሰው ሄዶ ያነጋግረዋል። ካርዱ ከሌላው ተለይቶ ይፈለጋል፤ የሚፈለገው ግን ለመክሰስ አይደለም። ለሳንባ ነቀርሳም እንዲሁ ነው፤ በሽተኛው መድኃኒቱን ሲውጥ የሚያይ ሰው ይመደባል፤ ሲጠፋ ይፈለጋል። እ.ኤ.አ. በ2003 በተጀመረው ፕሮግራም ከ30 ሺህ በላይ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው ተሰማርተዋል፤ ሽንት ቤቱን ሳይቀር ገብተው የሚያዩ ናቸው። የጠፋን በሽተኛ ፍለጋ መሄድ የምናውቅበት ሥራ ነው። ለጠጪው ሲሆን ብቻ እጃችንን እናጣምራለን።

ሕጉ በአንድ በኩል ተንቀሳቅሷል። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የቢራውን ማስታወቂያ ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ አውርዶታል፤ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መጠጥ እንዳይሸጥም ከልክሏል። መልካም ነው፤ ገና ያልጀመረውን ይጠብቃል። የጀመረው፣ የቆየበት፣ ታሞ የተኛውና የወጣው ግን የማስታወቂያ መነሣት ሳይሆን የቀጠሮ ካርድ ነው የሚያስፈልገው።

ሌላው ዓለም መመለስን በማን ሒሳብ እንደሚጽፍ ማየትም ደግ ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ የልብ ድካም ወይም የሳንባ ምች ሕመምተኛ ከወጣ በ30 ቀን ውስጥ ሲመለስ፣ መመለሱ ከመጠን ያለፈበትን ሆስፒታል ክፍያ ትቀንስበታለች። በሽተኛው አይከሰስም፤ ሆስፒታሉ «ስትሸኘው ምን አድርገህ ነበር?» ተብሎ ይጠየቃል። ሱስ በዚያ ዝርዝር ውስጥ አለመኖሩ የእነሱም ጉድለት ነው። ግን ከቅጣት ጋር አብሮ የሚመጣውን አደጋም አውቃለሁ። ተመላሽ እንዲቀንስ ብቻ የሚፈልግ ተቋም በሩን ቢያጠብም ቁጥሩ ይቀንስለታል። ሰውን ማሸማቀቅም በር ማጥበብ ነው።

ይህን ያወቅሁት በአራተኛው ጊዜ ነው። አጎቴ ሌሊቱን ሲያልባቸው አድረው፣ ልብሳቸውን አልብሰን ልናወጣቸው ስንል የአልጋውን ጠርዝ ያዙ። «አልሄድም» አሉ። «ደግሞ መጣህ ይሉኛል።» ለሁለት ቀን ቤት ተኙ። በዚያ ወር የሆስፒታሉ መዝገብ ላይ አጎቴ አልተመለሱም፤ ለሚቆጥር ሰው ጥሩ ወር ነበር። በሦስተኛው ቀን ሲንዘፈዘፉ ተሸክመን በቅርብ ወዳለ ጤና ጣቢያ ሮጥን። እዚያ የነበረችው ጤና መኮንን መንዘፍዘፉን ካስታገሰች፣ ልባቸውም ከተመለሰ በኋላ ወንበሯን ወደ አልጋው ጠጋ አድርጋ «አባባ፣ ጠዋት ጠዋት ስንት መለኪያ ነበር የሚወስዱት?» አለቻቸው። በአንድ ዓመት ውስጥ ቁጥሩን የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። አጎቴ ጣታቸውን ቆጠሩና እውነቱን ነገሯት። እኔ ከማውቀው በእጥፍ ይበልጥ ነበር።

ዳኑ አልልም። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ጠጥተዋል። በሁለተኛው ጊዜ ግን ቀጠሯቸው ሳይደርስ፣ አረቄው ከትንፋሻቸው ሳይወጣ፣ ማንም ሳይደግፋቸው በእግራቸው ወደ ጤና ጣቢያው ሄዱ። ካርዳቸውን ፈልጋ አወጣችና ቀኑን ጻፈችበት። «ደግ አደረጉ መምጣትዎ» አለቻቸው፤ ቀጥላም ስንት እንደጠጡ ጠየቀች።